የጥላ እመቤት

«ወንዙን ከተሻገርሁ በኋላ አንዲት ቃል ከአፌ ከወጣች መድኃኒቱ ከሸፈ» አለ ሥር ማሹ ዋኘው፣ ሱሪውን እየጠቀለለ።

«ነብር ቢመጣብህስ?» አለው ከድብ ባሕር መንደር የሸኘው፣ ክንዱ የተባለ ገበሬ።

«እሱም ዝም ብሎ ነው የሚመጣ።»

ዘመኑ 1947 ዓ.ም.፣ ወሩ መስከረም ነበር። ጎንደር፣ ቀሐ ዳር ባለው ቤቱ፣ ልጁ ለተ ማርያም እግሯ አብጦ መቆም ካቃታት ወር አልፏታል። ተስፋው የጥላ እመቤት ነበረች፤ ከጥንት ዛፎች ጥላ በቀር የትም የማትበቅል ሐምራዊ አበባ። የሥር ማሾች ሕግ ደግሞ ጽኑ ነው፤ ሥሯ ከመሬት እስኪወጣ ድረስ ማሹ መናገር የለበትም።

ዋኘው ተሻገረ። ገና ገደሉን ሳያጋምስ በረዶ ወረደበት። ጋቢውን ተከናንቦ በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ጫፉ ላይ ነብር ጠበቀው። ጩኸቱን ዋጠና ዓለቱን በዶማው ቀጠቀጠው፤ ነብሩ አጉረመረመና ቁልቁል ወረደ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ነብር ግን ሊገባ ምንም አልቀረው።

አበባዪቱ ከምትበቅልበት ዱር ሲደርስ ዱሩ የለም። ጨለማ በነበረበት ሰማይ ይታያል፤ ከጉቶ በቀር ምንም የለም። መንገድ የሳተ መሰለው። ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ከቀሩት ጥቂት ዛፎች ሥር አንዲት ሐምራዊ አበባ አየ። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ዶማ ይዘው ተንበርክከዋል።

ዋኘው ክንዳቸውን ያዘ። ሽማግሌው ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም በሕጉ ታስረዋል። ሁለቱ ድምፅ ሳያሰሙ ተናነቁ። ሽማግሌው አምልጠው ጀርባቸውን ሰጡና መቆፈር ጀመሩ። ያኔ ከበላያቸው አንድ ግዙፍ ዝግባ ተንቋቋ።

«አያ! ዛፉ መጣብዎ!»

ሽማግሌው ሥሩን መንጭቀው ዘለሉ። ዝግባው የነበሩበትን ቦታ ደቆሰው። ዋኘው ሕጉን ማፍረሱ ገባውና እንባው መጣ።

«አላምረው እባላለሁ፤ ሚስቴ ታማብኝ ከዛሪማ ነው የመጣሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሥሩን እኔ በዝምታ አውጥቼዋለሁ፤ ለሁለታችንም ይበቃል።» ገምሰው እኩሌታውን ሰጡት።

መጥረቢያ የያዘ ሰው እየሮጠ መጣ። «ሰው አለ እንዴ? አላየናችሁም! ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሊለብስ ነው፤ ማገር ቸግሮን ነው የምንቆርጥ።»

ዋኘው ሊራገም አፉን ከፈተ። ማንን ይርገም? ለእግዜር ቤት የሚቆርጡትን? ደግሞስ ሃያ ዓመት ሙሉ አበባዪቱን ከነሥሯ ሲነቅል የኖረ ማን ሆነና? ነገሩ ሁሉ ዞረበት። ከዚያ ቢላዋውን አወጣና ከድርሻው ቡቃያ ያለበትን የሥሩን ራስ ቆረጠ፤ መጥረቢያ ከማይደርስበት ገደል አፋፍ፣ ከአንዲት ወይራ ጥላ ሥር፣ መልሶ እንዲበቅል ቀበረው።

«ምነው፣ አበድህ?» አሉ አላምረው። «ልጅህስ?»

«እንጃ፣ አያ።»

ቀሐ የደረሰው ጣት የምታህል ሥር ይዞ ነበር። ሰፈርተኛው አዘነበት። ወቅጦ እግሯ ላይ ሲያስርላት ልጄን በገዛ ቢላዋዬ ጎዳኋት ብሎ ፈራ። በሳምንቱ ለተ ማርያም መቃኑን ይዛ ቆመች። በሥሩ ይሁን በእግዜር ቸርነት የለየ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በሩን እያንኳኳ የጥላ እመቤት የት እንደምትገኝ ይጠይቀዋል። ዋኘው ሁልጊዜ «አልቃለች» ይላል። እየዋሸ ይሁን እውነት እየተናገረ እሱም አያውቅም።