ክዳኑ ተከፍቶ የተለካው ፕሮሰሰር

ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ከዕቃው በፊት የሚገዛው የሰው ቃል ነው። ጫማ ከሆነ እግራችን ይፈርዳል፤ ቲማቲም ከሆነም ጨበጥ አድርገን እናውቀዋለን። የኮምፒውተሩን ስሌት ሁሉ የምትሠራው ፕሮሰሰር ግን ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ብናገላብጣትም ምንም አትነግረንም። ስለዚህ አዋቂ እንጠይቃለን። ይህ ታሪክ አዋቂ ጠይቃ ስለተጎዳች አንዲት ቪዲዮ ኤዲተር ነው። የጠየቀችውም ባዕድ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟን ሰው ሁሉ «ሚዛኑ» ይለዋል። አዲስ ፕሮሰሰር ገበያ ላይ በወጣ ቁጥር ፍጥነቱን ይለካል፣ ከሌሎቹ ጋር ያወዳድራል፣ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን በቪዲዮ ቻናሉ ለሕዝብ ይናገራል። «ሚዛኑ ምን አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር። እኅቱማ ስለ እሱ አውርታ አትጠግብም።

እሷ የምትሠራው ከአናጺ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጋዙ ሲጮህ ጆሮ ማዳመጫዋን ታጠብቃለች፤ የእንጨቱ ብናኝ ደግሞ በበሩ ሥር እየገባ ጠረጴዛዋን ያለብሰዋል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የዓመቱን ሥራ በሙሉ ሊሰጣት ሲስማማ ደስታዋ ወሰን አጣ። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ናትና ይህ ውል ለቤቱ ሁሉ እፎይታ ነበር። ችግሩ፣ አሮጌው ኮምፒውተሯ ለዚያ ሥራ አቅም አልነበረውም።

«ወንድምዓለም፣ የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ?» አለችው።

«ትልቁን ነዋ። ቪዲዮዬን አላየሽም እንዴ? ከሱ በላይ የለም።»

«መካከለኛው አይበቃኝም?»

«እታለም፣ ሰው ከገዛ አይቀር ደህናውን ነው።»

አላንገራገረችም። ካሜራዋን ከነሌንሱ ሸጠች፣ ያጠራቀመችውን ጨመረችበት፣ ትልቁን ገዛች።

ሥራው ሲጀመር ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድ ይፈጥንና ጥቂት ቆይቶ ይግላል። ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስበት ደግሞ የሠራችው ቪዲዮ ተጠናቆ ሳይወጣ ድርግም ይላል። ጥፋቱን መጀመሪያ በራሷ ላይ አደረገችው። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች፣ ማቀዝቀዣውንም ቀየረች፤ ለውጥ የለም። አንዱ ማስታወቂያ ዘገየ፣ ቀጣዩም ዘገየ። በመጨረሻ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወለላት።

«እኅቴ፣ ሥራሽን እንወደዋለን» አላት። «ማስታወቂያ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ለማን ይታያል? ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል፣ አትቀየሚን።»

ወንድሟ ይህን ሰምቶ መጣ። እጁን በኮምፒውተሩ ሳጥን፣ በኬዙ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ዳሰሰና «ክዳኑን ክፈቺውና ሥሪ» አላት።

«ይሄ ሁሉ ብናኝ እያለ?»

«እኔም ስለካው ክዳኑን ከፍቼ፣ ትልቅ ማራገቢያ ጎኑ አቁሜ ነው እኮ። ተዘግቶማ ማን ይችለዋል።»

አምልጦት ነው። ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ዘግተህ ሞክረኸው ነበር?» አለችው።

ክዳኑን ይነካካ ጀመር።

«እየጠየቅኩህ ነው።»

«ሞክሬዋለሁ። በጠባብ ኬዝ ከሆነ ይግላል። ሲግል ከመካከለኛው እምብዛም አይሻልም።»

«ለሕዝቡ ለምን አልተናገርክም?»

«ሻጮቹ ለሙከራ ሲሰጡኝ ቪዲዮው ካማረ ዕቃው ያንተ ይሁን አሉኝ። ግን እታለም፣ አንድም የፈጠርኩት ቁጥር የለም። ያሳየሁት ሁሉ የተለካ ነው።»

«ቁጥሩማ አልዋሸም። የዋሸኸው አንተ ነህ» አለችው። ቀጥላም «ለመሆኑ አንተ ራስህ በየትኛው ነው የምትሠራው?» ስትል ጠየቀችው።

«በመካከለኛው» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የውሉ መቅረት አሳዝኗት ነበር፤ ይህ ግን አንጀቷን ቆረጠው። ሌላውን ገዢ አያውቀውም፣ ክፍሉንም አላየም እንበል። የእኅቱን ክፍል ግን ጠረጴዛውን ተሸክሞ ያስገባው፣ ሽቦውን የዘረጋው እሱ ነው። ጥበቱንም ብናኙንም እያወቀ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «ትልቁን ነዋ» አላት።

እናታቸው ነገሩን ሲሰሙ ወደ ወንድ ልጃቸው አደሉ። «ወንድምሽ አይደል እንዴ? የቤት ጉድ እቤት ይቅር፤ ሰው ሲሰማ ምን ይላል?»

«እማዬ፣ እኔስ ልቻለው። እሱን አምኖ ካለው ላይ ቀንሶ የገዛው ሰውስ የማንን በር ያንኳኳ?»

እኅትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆነው ሰነበቱ።

ሚዛኑ በቪዲዮው ሥር «አንተን ሰምቼ ገዛሁ፣ ተባረክ» የሚሉ አስተያየቶችን ሲያይ ድሮ ደስ ይለው ነበር። አሁን ምርቃቱ እንደ ስድብ ያቃጥለው ጀመር። አንድ ቀን እኅቱ ክፍል መጥቶ እዚያው ሊለካ ፈቃድ ጠየቃት። ክዳኑን ዘጋ፣ የአናጺው መጋዝ እየጮኸ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ለሕዝቡ አሳየ። ፕሮሰሰሩን ማን እንደሰጠው፣ ለምን ዝም እንዳለ፣ ራሱ በየትኛው እንደሚሠራ ሳይሸፋፍን ተናገረ።

«ዕቃው መጥፎ አይደለም» አለ። «ከባድ ሥራ ለሚሠራ፣ ሰፊ ኬዝና ጠንካራ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ዋጋው ይገባዋል። ለእኅቴ ሥራና ክፍል ግን አይሆንም ነበር። ይህን እያወቅኩ ግዢው አልኳት።»

የተሰጠውንም ለሻጮቹ መለሰ። የሰደቡት ብዙ ናቸው፤ ጥለውት የሄዱም አሉ። የእኅቱ ውል ግን በዚህ ሁሉ አልተመለሰም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ከመሮጣችን በፊት ለየትኛው ሥራ፣ በምን ሁኔታ እንደተለካ እንጠይቅ፤ ለለኪውስ ዕቃውን ማን ሰጠው ብለን እንጠይቅ። ለሰው የምንመክርም ብንሆን ከተመዛኙ እጅ የተቀበልን ዕለት ሚዛኑ እንደተሰበረ እንወቅ። የተሸጠ ካሜራ ሠርተው ይገዙታል፤ እምነትን ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

«ታዲያ ታረቅን?» ብሏት ነበር ሚዛኑ፣ በክፍሏ የለካ ዕለት ዕቃውን እየሰበሰበ።

«ታርቀናል» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ቂም አልያዘችበትም።

ከዚያ በኋላ ትልቁን ፕሮሰሰር ሸጣ ለሥራዋ የሚሆን ልትገዛ ስትወጣ በር ላይ አገኛት።

«ልከተልሽ? እኔ ልምረጥልሽ» አላት።

«አይ፣ አትድከም ወንድምዓለም» አለችው ትከሻውን ዳበስ አድርጋ። «ሌላ ሰው ጠይቄያለሁ።»