ጋሽ ደነቀ አያማቸውም

ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የአርባ አራት ዓመት ሴት በሌለ ውሃና በሌለ ሳሙና እጇን ትታጠባለች። "እጅ መታጠብ፣ ስም መናገር፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ህመም መጠየቅ፣ ማገላበጥ" ትላለች ለራሷ። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ። ዘቢደር ግድ አልሰጣትም። በነርስ ረዳትነት የብቃት ምዘና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ዳግመኛ አይፈተንም። መጀመሪያ እጇን መታጠብ ረስታ ወደቀች። በሁለተኛው ከበሽተኛው ጋር ስታወጋ ሰዓቷ አለቀ፤ ወሬ ትወዳለች፣ ምን ይደረግ። ዛሬ ግን በፈተናው መመሪያ ከተጻፈው ውጪ አንዲት ቃል ላትተነፍስ ምላ ነው የመጣችው።

ፈተና ክፍሉ ስትደርስ የጥገና ባለሙያው የጋሽ ደነቀን ጥፍር እየቆረጠ ነበር። ጋሽ ደነቀ ምስለ በሽተኛ ናቸው፤ ማለትም ለመለማመጃ የተሠራ፣ ጥፍሩ የሚያድግ፣ ሲነኩት የሚያመው ሰው መሳይ ማሽን። ማሽንን አንቱ ማለት ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን "ልጄ" እያለ የሚያናግርን አንተ ማለት ለአፍ ይከብዳል። ከራስጌያቸው የተሰቀለው ሰሌዳ ለተፈታኙ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ነጥቡንም ይይዛል። በሽተኛው ባቃሰተ ቁጥር አምስት ነጥብ ይቀንሳል።

ፈታኟ ሲስተር ከበቡሽ ሰዓቱን አስጀመሩ። ዘቢደር ታጠበች፣ ስሟን ተናገረች፣ ፈቃድ ጠየቀች።

"የሚያምዎት ቦታ አለ፣ ጋሽ ደነቀ?"

"ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፤ ይመስገን።"

"ህመም የለም። ወደ ግራ አገላብጪ" ብሎ ሰሌዳው ጻፈ።

አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ፣ ሌላውን ዳሌያቸው ላይ አሳረፈች። ያኔ የግራ እግራቸው ጣቶች አንሶላውን ጨምድደው መያዛቸውን አየች።

ይህን "ደህና ነኝ" ዘቢደር ታውቀዋለች። እናቷ የሐሞት ከረጢታቸው ሊፈነዳ ደርሶ እንኳ፣ ጠያቂ በገባ ቁጥር "ይመስገን" ይሉ ነበር። በዚህ አገር በሽተኛን ህመሙን መጠየቅና ህመሙን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ሰዓቱ ይሮጣል። ቢሆንም እጇን አንስታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እንቅልፍስ እንዴት ነው?"

"ያው ነው፣ ልጄ።"

"በየትኛው ጎንዎ ነው የሚቀናዎት?"

"በቀኝ።"

"በግራስ?"

የጋሽ ደነቀ ጣቶች አንሶላውን ይበልጥ ጨመደዱ። ሰሌዳው ቀልቶ "ትእዛዝ አልተፈጸመም" አለ።

"ዘቢደር፣ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረሽ" አሉ ሲስተር ከበቡሽ። "አገላብጪና ጨርሺ እንጂ! ሦስተኛሽ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ ሲስተር። ግን አላገላብጣቸውም።" ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። "ያማቸዋል።"

ሲስተር ከበቡሽ በንዴት መጥተው፣ ስህተቷን ሊያሳዩአት የግራ ዳሌውን ቆዳ በጥገና ባለሙያው አስከፈቱ። ባለሙያው አጎንብሶ አየና ፊቱ ተለወጠ። የዳሌው መገጣጠሚያ ተሰንጥቋል፤ ህመም የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ብረቱ መካከል ገብተው ተጨፍልቀዋል። የማሽኑን መዝገብ ሲያገላብጥ ስብራቱ ከደረሰ አራት ወር እንዳለፈው አየ። በአራት ወር ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ተፈታኞች ጋሽ ደነቀን በዚያ ጎን አገላብጠዋል። ሁሉም "ይመስገን" ተብለዋል፣ ሁሉም ለማገላበጡ ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል።

"ማነው ዋሽ ብሎ ያዘዘህ?" አሉ ሲስተር፣ አንቱታውን ረስተው።

"ማንም አላዘዘኝም። ባቃሰትኩ ቁጥር ነጥብ ይቆረጥባቸዋል፤ እያለቀሱ ይወጣሉ። ልጆች ናቸው። ቻል አደረግኩት።"

ሲስተር ከበቡሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኛ እንዲያመው ነበር የሠራነው" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰው የሚያሰኘው እሱ መስሎን። መቻልን ግን ያስተማረው የለም።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔም ለተማሪ ላሳይ እያልኩ በየሳምንቱ በዚህ ጎን አገላብጬዋለሁ። ሰሌዳውን ነበር የማየው።"

ሰዓቱ አልቆ ሰሌዳው "ወድቃለች" ብሏል። ሲስተር ከበቡሽ ወረቀት አውጥተው "አልፋለች" ብለው በእጃቸው ጻፉና ፈረሙ። ዘቢደር ወረቀቱን አልተቀበለችም፤ ሥራዋን ገና አልጨረሰችም።

"ጋሽ ደነቀ፣ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ላዙርዎት ነው። ካመመዎት ይንገሩኝ፣ እሺ?"

"እሺ ልጄ" አሉ። ማዞር ስትጀምር "ያማል" አሉ።

ሰሌዳው አምስት ነጥብ ቀነሰ። ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።