አንድ ጨዋታ፣ ሁለት መግቢያ

ዘሊካ ኢሳን የወደደችው ሲጣሉ ነው። የተጣሉበትን ነገር ደግሞ ለሰው ቢናገሩት ያስቃል፤ በጌም!

ኢሳ ተወልዶ ያደገው ካርቱም ነው። ጦርነቱ ሲያባርረው ከሱዳን ድንበር ከተማ ከገላባት በእግሩ ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ገባ፤ ከዚያ በሚኒባስ ገንዳ ውሃ ደረሰ። ከሻንጣው ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር ቢፈለግ አንድ ላፕቶፕና አንድ የቪአር መነጽር ብቻ ነው፤ ያ ዓይን ላይ ሲያጠልቁት ሌላ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው። ላፕቶፑን ቻርጅ ሊያደርግ ጌም ቤት ቢገባ ያገኘው ዘሊካን ነው። ታላቅ ወንድሟ ሙኽታር ከጓሮ ባለው መጋዘን ሰሊጥ ይነግዳል፤ እሷ ከፊት ለፊቱ ክፍል አሮጌ ኮምፒውተሮቿን ደርድራ ታጫውታለች።

የሠራውን ጌም አሳያት። ሰሊጥ የጫነ መኪና ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ይወርዳል፤ ሽፍቶች መንገድ ይዘጋሉ፤ ተጫዋቾች ተታኩሰው ጭነቱን ያድናሉ። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ጭነቱ ላይ ቆሞ በገዛ እጁ ይተኩሳል።

«መነጽር የሌለውስ?» አለችው።

«ይግዛ።»

«በገንዳ ውሃ ይህ መነጽር ያለው ማን ነው? አንተ። ጌምህን ማን ሊጫወተው ነው? አንተ!»

የኢሳ ፊት ተለዋወጠ። «እና ሁለት ጌም ልሥራ?»

«አንድ። ሲከፈት መነጽር መሰካቱን ይይ። ከተሰካ በመነጽሩ ያስገባ፤ ካልተሰካ በኪቦርድና በማውዝ። ዓለሙ ግን አንድ ይሁን።»

«ቀላል መሰለሽ? በመነጽሩ የገባው ራሱ ነው የሚያጎነብሰው። በኪቦርድ የሚገባው የአንቺ ሰውዬ ግን ወገብ የለው!»

«ታዲያ ቁልፍ ስጠው፤ ተጭኖ ያጎንብሳ!»

ላፕቶፑን ጠርቅሞ ወጣ። በማግስቱ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ደም ለብሶ ተመለሰ፤ ያለችውን ጀምሮታል። ዘሊካ ያን ዓይን አየችና ነገር ዓለሙ አበቃላት።

መነጽሩ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ኢሳ መጋዘኑ ውስጥ መሞከር ጀመረ፤ ከሙኽታር ጋር ግን ዓይንና ናጫ ሆኑ። «አገር የለው፣ ቤት የለው» ይላል ሙኽታር፣ «መጋዘኔ ውስጥ ዓይኑን ሸፍኖ አየር በቡጢ ይደበድባል። እህቴን ለእብድ አልሰጥም። እጇን ሲነካ ካየሁት እሰብረዋለሁ።» ይህን የሚለው እየቀለደ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ኢሳ ከመጋዘኑ መነጽሩን አጠለቀ፤ ዘሊካ ከፊት ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ የኔትወርክ ገመድ ግቢውን አቋርጦ አገናኛቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በመነጽር የሚገባውን ሰው ቁመት ለጌሙ የሚነግረው መነጽሩ ነው፤ በኮምፒውተር ለሚገባው ግን ኢሳ ቁመት መስጠት ረስቷል። ዘሊካ ብትገባ ዓይኗ ከመሬት እኩል ሆኖ ከፊቷ ጠጠርና ጎማ ብቻ። ሳቀች።

ከመጋዘኑ ጩኸት ተሰማ።

ሮጣ ስትደርስ መነጽሩን አሽቀንጥሮ ከሰሊጥ ከረጢቶቹ ጥግ ያስመልሰዋል። «እስከ አንገትሽ መሬት ውስጥ ነበርሽ» አላት። «እህቴ ሳጂዳ... ቤታችን በመድፍ ሲፈርስ ከፍርስራሹ በላይ የቀረው ፊቷ ብቻ ነበር። በእጄ ቆፈርኩ። ወላሂ፣ በእጄ ቆፈርኩ!»

እጁን ያዘችው። እንዲያ ይዛው ብዙ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ መኖር እንደማትችል አወቀች።

ቁመቱን አስተካክሎ በማግስቱ ከሰዓት ድጋሚ ገቡ። አሁን ዘሊካ በሁለት እግሯ ቆማ ከጎኑ ተኮሰች፤ እየተሳሳቁ ሽፍቶቹን አሳደዱ። ይህን ጊዜ በእውነተኛው መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ማን በማን ላይ እንደጀመረው ዛሬም በቅጡ የሚያውቅ የለም። የክላሽ ጥይት የበሩን መስታወት አረገፈው፤ ጎረቤት ባጃጁ ውስጥ እንዳለ ተደፋ።

«ኢሳ፣ ተኛ!» ብላ በማይኩ ጮኸች። «የእውነት ነው! ተኛ!»

እሱ ጆሮው በማዳመጫ ተደፍኗል፤ ከውጭ የሚደርሰው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው፤ በጨዋታውም ጥይት ይዘንባል። ሳቀባት። «አንቺ ተኚ፣ እኔ እሸፍንሻለሁ!»

ግቢው ውስጥ አቧራ በጥይት ይቦናል። ዘሊካ አላሰበችም፤ በደረቷ ተሳበች። መጋዘኑ ገብታ እግሩን አንቃ ሳበችው። ኢሳ ሽፍታ ከመሬት የያዘው መሰለው፤ በእጁ የጨበጠውን መቆጣጠሪያ ባለ በሌለ ኃይሉ አፏ ላይ አሳረፈው። ጥርሷ ተሰበረ። አልለቀቀችውም። ላይዋ ላይ ሲወድቅ፣ የቆመበት ቦታ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ተበሳሳ፤ ከተቀደዱት ከረጢቶች ሰሊጥ ተንዶ ፈሰሰባቸው።

መነጽሩ ከዓይኑ ተንሸራተተ። ያየው የዘሊካን ፊት ነው፤ በሰሊጥ ተቀብሮ፣ በደም ተለውሶ።

«ሳጂዳ!» ብሎ ጮኸ፤ በእጁ ይቆፍር ጀመር።

ተኩሱ ጋብ ሲል ሙኽታር ዱላውን ይዞ ደረሰ። የእህቱን አፍ አየ፤ የኢሳን ደም የነካ እጅ አየ። ማን ይጠይቃል? የመጀመሪያው ዱላ ትከሻውን፣ ሁለተኛው ክንዱን ሰበረ። ኢሳ አንድም ጊዜ አልተከላከለም። ሦስተኛው ሲወርድ ዘሊካ ላዩ ላይ ተዘረጋች፤ ጀርባዋ ተቀበለው።

መናገር አልቻለችም። ወደ ቆርቆሮው ጠቆመች። ሙኽታር ሄዶ ቀዳዳዎቹን አየ፤ በደረት ልክ ናቸው። ዱላውን ጣለ።

በሳምንቱ ኢሳ ክንዱ ታስሮ የጎንደር አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ለዘሊካ አልነገራትም። ሙኽታር ነገራት፤ በባጃጅም ያደረሳት እሱው ነው። ከንፈሯ እንዳበጠ ወደ አውቶቡሱ ገባች።

«የት ነው?»

«ይሄ እጅ መታሽ፣ ዘሊካ። ሌላ ቀን ደንግጦ ቢነቃስ? ያ የፈረሰ ቤት ከላዬ አልወረደም።»

«አይወርድም ይሆናል። እኔም እፈራለሁ፤ በር በተዘጋ ቁጥር እደነግጣለሁ። አብረን እንደንግጥ።»

«ለአንቺ ስል ነው የምሄደው።»

«ለእኔ ስትል!» ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ዕንባዋን ለመደበቅ አልሞከረችም። «በጥይት መሃል በደረቴ ተስቤ የመጣሁት መናኸሪያ ልሸኝህ አይደለም! እወድሃለሁ። ውረድ!»

ኢሳ ወረደ።

ሙኽታር ቀድሞ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣውን እያወረደ ነበር። «ዓርብ ሽማግሌ ላክ» አለው፣ ወደታሰረው ክንዱ ማየት አቅቶት።