ውቢት ያላየችው ሴል

ውቢት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሺንሺቾ፣ ከገበያው በታች ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር፤ እሷም ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች።

አንድ ቀን የሳይንስ መምህሯ ጋሼ ፋንታሁን ከሆሳዕና ከተማ ማይክሮስኮፕ በውሰት እንደሚመጣ ለክፍሉ ልጆች ነገሯቸው። ሕይወት ያለው ሁሉ ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንደተሠራ በቃላቸው አጥንተዋል፤ ሴል ያየ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውቢት ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ቅጠል ስታይ፣ የእጇን ቆዳ ስታይ፣ «ውስጡ ምን ይመስል ይሆን?» እያለች ትናፍቃለች።

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም ከሽንኩርት ላይ ስስ ሽፋን ላጡ፤ ስላይድ በሚሉት ስስ መስታወት ላይ አንጥፈው ቀለም እንዲይዝ አዮዲን ጠብ አደረጉበት። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነበር። የውቢት ተራ ሲደርስ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች። ውቢት ጎንበስ ብላ አየች። ጨለማ ብቻ ነው።

ከኋላዋ ያሉት ይገፏታል። ጋሼ ፋንታሁን «አየሽ?» አሏት።

«አየሁ» አለች።

ልጆቼ፣ ሁሉ አይቶ እኔ ብቻ አላየሁም ማለት ያሳፍራል። እሷም አፈረች። ያዩትን እንዲሥሉ ሲታዘዙም ጓደኛዋ እህተማርያም የሣለችውን ገለበጠች። መምህሩም አመስግነው ግድግዳ ላይ ለጠፉላት።

ቤት ስትገባ እናቷ ምን እንዳየች ጠየቀቻት። ውቢት እያለቀሰች የሆነውን ነገረቻት። እናቷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ሄዳ እውነቱን እንድትናገር መከረቻት።

በማግስቱ በጠዋት ሮጠች። ማይክሮስኮፑን የጫነው መኪና ግን ሄዷል።

«ጋሼ፣ እኔ ጨለማ ብቻ ነው ያየሁት። ዋሸሁዎት» አለች።

ጋሼ ፋንታሁን «ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ደመናው እስኪያልፍ እንጠብቅልሽ ነበር» አሏት። ይቅርታ አደረጉላት፤ ሥዕሉን ግን አወረዱት።

ማይክሮስኮፑ በዚያ ዓመት አልተመለሰም። በሚቀጥለውም አልመጣ። ውቢት እንደናፈቀች ቆየች።

በኋላ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆሳዕና ገባች። እዚያም ማይክሮስኮፕ የማየት ተራዋ ደረሰና አጎነበሰች። የታያት ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ከኋላዋ ሰልፍ አለ። አስተማሪዋ «ታየሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አልታየኝም» አለች ውቢት።

አስተማሪዋ ጎንበስ ብለው ማስተካከያውን በቀስታ አዞሩላት። ጉሙ ጠራ። ጎን ለጎን የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ በየውስጣቸውም አንዳንድ ነጥብ። ውቢት እንባዋን እየጠረገች አየች፤ ደግማም አየች።

ልጆቼ፣ ያላያችሁትን አላየሁም በሉ፤ እግዚአብሔር እውነተኛን ልጅ ይወዳል፣ የሚያሳየውም ሰው ያገኝለታል።