ለአንድ ሰው ብቻ የመጣ ጉንፋን

«አባትሽ ዛሬም አልተነሳም?» አሉ አክስት ቬርና።

«ጉንፋኑ ትንሽ ጠናበት። ነገ ግን ይነሳል» አለች ዊላ። ዓይኗን የተከለችው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ጫማቸው ላይ ነበር።

አክስት ቬርና የዊላ አክስት አይደሉም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሎብስተር የሚባለውን ባለመቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ናቸው፤ በሃርክነስ ደሴት ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም አክስት ይላቸዋል። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደቡ ላይ ወደተሰበሰቡት ሰዎች ዞሩና «ነገ» አሉ። ሰዎቹም ጓንታቸውን እያወለቁ ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ዊላን ያቃጠላት ይኸው ነው፤ ቢቆጧት በቀለላት።

በሃርክነስ ሎብስተር ማጥመድ የሚጀመረው በዲሴምበር ነው። አሥራ ሁለቱም ባለጀልባዎች ባሕር ውስጥ የሚያወርዱትን የሽቦ ሳጥን ወጥመዳቸውን ወደቡ ላይ ከምረው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት አብረው ይወጣሉ። የአንዱ ሞተር ቢበላሽ ሁሉም ይጠብቃል፤ የአንዱ ሚስት ምጥ ቢይዛት ሁሉም ይጠብቃል። የቀደመ የለም። ዘንድሮ የአሥራ አንዱ ወጥመድ እንደ ግንብ ተደርድሮ ቆሟል። የአሥራ ሁለተኛው፣ የዊላ አባት የኤልዊን ቦታ ግን ባዶ ነው። ይኸው አምስት ቀን ሆነ። ባሕሩ ደግሞ በሰው የሚያላግጥ ይመስል ጸጥ ብሏል። ቅዳሜ ማዕበል ይነሳል ተብሏል፤ ከተነሳ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ማን ያውቃል?

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንዲት አስተማሪና አምስት ተማሪዎች ነው። ስምንተኛ ክፍል ማለት ዊላ ናት። ሰባተኛ ክፍል ማለት ደግሞ ኮልቢ ነው፤ አፉ ሞልቶም ቢሆን ማውራት የማያቆም ልጅ። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን እየገመጠ ጠጋ አለ።

«ስሚ እንጂ፣ አባትሽ ጉንፋኑን ከየት አመጣው?»

«ጉንፋን ከየት ይመጣል? ያዘዋ።»

«እኛ ቤት እኮ ያስነጠሰ የለም። ቲቸርም ደህና ናት። እሱን ብቻ መርጦ ያዘው?»

ለነገር አልነበረም፤ ገርሞት ነው። ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ዊላ ግን ምሳዋን መጨረስ አቃታት። ሃርክነስ ላይ ጉንፋን የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ከዋናው ምድር በሚመላለሰው የፖስታ ጀልባ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሱቁን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን ይይዝና በሳምንቱ ስልሳውንም ነዋሪ ያዳርሳል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እሷም ታውቃለች፤ ግን ስትዋሽ ትዝ አላላትም። ለካ አምስቱንም ቀን ሁሉም እንደምትዋሽ እያወቁ ነው ራሳቸውን የነቀነቁላት። በሩን ያንኳኳም፣ ምን ሆናችሁ ያላትም የለም። እናቷ በኦክቶበር ሁለት ሻንጣ ይዛ በፖስታ ጀልባ ስትሄድ እንኳ እንዲህ ብቸኝነት አልተሰማትም ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ እንደተለመደው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እናቷ ከሄደች ወዲህ መጀመሪያ ሱቅ መሄድ ተወ፤ ከዚያ ወደብ መውረድ፤ ከዚያ ከአልጋ መነሳት። ብላ ስትለው «እሺ» ይላል፤ ተነስ ስትለውም «እሺ» ይላል። እሺ ብሎ ይተኛል።

«አባዬ፣ እየጠበቁን እኮ ነው።»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ። ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞረ «ሂዱ በያቸው» አለ።

ዊላ ክው አለች። በደሴቲቱ ደንብ «ሂዱ» ያለ ቤት ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው፤ በዓመቱ እመለሳለሁ ቢል ወደቡ ላይ ቦታ የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ ይህን ቃል ያሉት እነ በርጀስ የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ደሴቱን ለቀው ሄዱ፤ ዛሬ ከቤታቸው የቀረው የጭስ ማውጫው ብቻ ነው። ደግሞ ባትነግራቸው፣ አሥራ አንድ ቤት በእሷ ውሸት ታግቶ ቅዳሜ ሊደርስ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ወጥ ሠርታ ለአባቷ አቀረበችና ብቻዋን በላች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። አክስት ቬርና ልክ እንደ ትናንቱ ረጋ ብለው «ጉንፋኑ አልለቀቀውም?» አሏት። አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ጉንፋን አይደለም» አለች ዊላ። «እማዬ ከሄደች ጀምሮ መነሳት አልቻለም። ሂዱ በያቸው ብሎኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«አንቺስ? ሂዱ እያልሽን ነው?» አሉ አክስት ቬርና።

«አይ፣ እኔ አላልኩም። ጀልባውን መንዳት እችላለሁ፤ አባዬ አስተምሮኛል። ወጥመዱን ግን ብቻዬን ማውረድ አልችልም። አግዙኝ።» ይህን ተናግራ ስትጨርስ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ባለፉት ሁለት ወራት ከአፏ ሊወጣ ያልቻለው ቃል ይኸው ነበር።

አክስት ቬርና አላቀፏትም፤ አይዞሽም አላሏትም። ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁና «ስንት ወጥመድ ነው?» አሉ።

«ሦስት መቶ።»

«ታዲያ ምን አቆመን?» አሉና ወደ እነ ዊላ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ቀድመው ተያያዙት። የኮልቢ አባት ተከተላቸው፤ ኮልቢም ትምህርት ቤቱን ረስቶ ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ተከተሉ። ዊላ እየሮጠች ደረሰችባቸው።

ወጥመዶቹ የተከመሩት ከአባቷ መስኮት ሥር ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ በኩል በእግር ጣቷ እየተራመደች ነበር የምታልፈው፤ ኩባያ እንኳ ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳያሰማ ትጠነቀቅ ነበር። አሁን ግቢው በሰው ተሞላ። የሽቦ ወጥመድ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንኳኳል፤ ኮልቢ ወጥመድ ጣቱን ቆንጥጦት ይጮኻል፤ ሰዉ በልጁ ላይ ይስቃል። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ዊላ «እባካችሁ ቀስ በሉ፣ አባዬ ተኝቷል» ልትል አፏን ከፈተች።

ከዚያ ተወችው። ጎንበስ ብላ በአንድ በኩል ወጥመዱን ያዘችና «ኮልቢ፣ ና በዚያኛው በኩል ያዝልኝ» አለች፤ ጮክ ብላ።