ሞግዚቷ ስትለቅ

ኅሊና ቁርስ ላይ ዳጣ ለማንሳት ክንዷን ስትዘረጋ ቀኝ ትከሻዋ ከቦታው ሸርተት አለ። ይህ ጨረቃ ላይ ባለችው በጠርዝ ከተማ ማንንም አያስደነግጥም። እዚያ የትከሻ መንሸራተት እንደ ስቅታ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጨረቃ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ክንዱ እንደ ላባ ስለሚቀልለው ትከሻውን አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ሥራ ሳይለምዱ ያድጋሉ። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከሸሚዛቸው ሥር ስስ ሰደርያ ይለብሳሉ። ሰደርያው የተሸመነው እንደ አስፈላጊነቱ ከሚጠነክሩና ከሚለሰልሱ ክሮች ነው። ትከሻ ሊያመልጥ ሲል ክሮቹ ቀድመው ያውቁና ጠበቅ አድርገው ወደ ቤቱ ይመልሱታል። የሠሩት ሰዎች ያወጡለት ረጅም ስም አለው፤ የጠርዝ ሰው ግን «ሞግዚት» ይለዋል።

የዚያን ዕለት ሞግዚቷ ዘገየች።

የኅሊና እናት ውብአንቺ ይህን ያወቀችው ከልጇ ፊት ነው። ኅሊና ከንፈሯን ነከስ አደረገች፣ ክርኗን ወደ ጎኗ ሰበሰበች፣ ከዚያ ትከሻዋ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ገባ። ሰደርያው ንቅንቅ አላለም።

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። ገባ እኮ።»

«ማን አስገባው?»

ኅሊና ዳቦዋን ቆርሳ ዳጣው ውስጥ ነከረች።

ውብአንቺ ሌላ እናት ብትሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። እሷ ግን የከተማው ሞግዚቶች ሁሉ በእጇ የሚያልፉ፣ ክሩ የላላውን የምታጠብቅ፣ የተበጠሰውን የምትቀጥል ባለሙያ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ነው። ጨረቃ ላይ የወጣችው በወጣትነቷ ሲሆን ባሏ ኅሊና ዳዴ ሳትል ስለሞተባት ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። እሷ ራሷ ሞግዚት ለብሳ አታውቅም። «እኔ በጀሪካን ውኃ የተሸከምኩ ሰው ነኝ፤ ትከሻዬ የምድር ነው» ትል ነበር፣ ሰው ሲጠይቃት።

የኅሊናን ሰደርያ ወደ መሥሪያ ቤቷ ወስዳ መለኪያው ላይ ዘረጋችው። ክሮቹ ጤነኞች ናቸው፤ የሚይዙበት ኃይል ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ቀንሱ ብሎ ያዘዛቸው ሰው የለም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ በራሳቸው ለቀዋል። ለምርመራ የመጡትን ሌሎች ሰደርያዎች ደግሞ አየች። ሁሉም እንደተሠሩበት ቀን ጥብቅ ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ እንደ ኅሊና ሰደርያ ላልተው ተገኙ። እየተዛመተ ያለ ብልሽት ነው ብላ ፈራች። ሦስቱንም መልሳ አጠበቀችና ለባለቤቶቻቸው ላከች።

ሦስቱን የሚያገናኛቸውን ነገር ለማወቅ ግን የሌሎቹን ሁለት ሰደርያዎች ባለቤቶች፣ ሁለት ወጣቶችን፣ ጠርታ አነጋገረች። የሁለቱም መልስ አንድ ነበር፤ «ወጌሻው ጋ እንሄዳለን።»

ወጌሻው የሚባሉት ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ከምድር የመጡ አንጋፋ ፊዚዮቴራፒስት ሲሆኑ ከአትክልት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለቻቸው። ሞግዚት እያለ ለትከሻ እንቅስቃሴ መሥራት ብዙ ሰው ዘንድ ያስቅ ስለነበር ክፍሏ አብዛኛውን ጊዜ ጭር ያለች ናት። ውብአንቺ ደርሳ በሩን ገፋ ስታደርግ ልጇን እዚያ አገኘቻት።

ኅሊና የተጠቀለለ ፎጣ በክርኗና በጎድኗ መካከል ይዛ ቆማለች። አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ ከታሰረ ላስቲክ ጋር ትታገላለች። ክርኗን ከጎኗ ሳታርቅ መዳፏን ወደ ውጭ ለመሳብ ትሞክራለች፤ ክንዷ ግን አልሄድ ብሏታል። ግንባሯን አልቦታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካኝ? ባለፈው እስከዚህ ድረስ ይሄድልኝ ነበር።»

«አንቺን ምንም አልነካሽም» አሉ ጋሽ ድንበሩ የሰደርያውን ጠርዝ ዳሰስ አድርገው። «ልብስሽ ነው የያዘሽ። አንቺ ወደዚያ ስትስቢ እሱ ወደዚህ ይስባል።»

«እኔ ነኝ ያጠበቅሁት» አለች ውብአንቺ ከበሩ።

ኅሊና ላስቲኩን ለቀቀችው። 

«ልነግርሽ ነበር» አለች ልጅቱ። «ወንዶ ገነት ተቀብለውኛል። ዛፍ ላጠና ነው።»

«ምድር?»

«ምድር።»

«ኅሊና፣ ምድር ላይ ክንድሽ ከዚህ ስድስት እጥፍ እንደሚከብድ ታውቂያለሽ? ሞግዚት ለዚያ ክብደት አልተሠራችም። ቦርሳ ስታነሺ ይወልቃል፣ ፀጉርሽን ስታበጥሪ ይወልቃል። ማን ሊያስገባልሽ ነው?»

«እሱን ነው እኮ እዚህ የምማረው። እንዳይወልቅ።»

«እኔን ማን ሊተካልሽ ነው?» ልትል ነበር፤ ተወችው። ኅሊና ፎጣዋን አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና በእናቷ አጠገብ አልፋ ወጣች። ስታልፍ ግን የእናቷን ትከሻ ነካ አድርጋ ነው።

ጋሽ ድንበሩ ወንበር ሳቡላት።

«ሰደርያው ተበላሽቷል ብለሽ ነው ያጠበቅሽው?»

«ማንም ሳያዘው ለቀቀ እኮ። ይህ ብልሽት ካልሆነ ምን ይባላል?»

«እጅሽን አምጪ» አሉ። መዳፋቸውን ከመዳፏ ጋር ገጠሙና ግፊኝ አሏት። ስትገፋቸው እጃቸው መጀመሪያ እንደ ግድግዳ ቆመ። እሷ እየጠነከረች ስትሄድ ግን ሳታውቀው ቀስ እያለ ቀለለላት።

«ሰደርያውን ሲሠሩ መያዝ ያስተማሩት በሰው እጅ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ጓንት አጥልቀውልን በሽተኛ ስንደግፍ እጃችን የሚያደርገውን ሁሉ እየቀዱ ለክሮቹ አስተማሯቸው። ታዲያ የወጌሻ እጅ መያዝ ብቻ አይደለም ሥራው። የሰውዬው ጡንቻ ነቅቶ ሲመጣ ይሰማሃል። ያኔ ትቀንሳለህ። ካልቀነስክ ጡንቻው ተመልሶ ይተኛል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልለቀቁም?»

«ማንም ጡንቻውን አላነቃማ። ሞግዚቷ ትይዛለች፣ ልጆቹ ይተኛሉ። እነዚህ ሦስቱ ናቸው መጀመሪያ የነቁት።»

ውብአንቺ እጇን ከመዳፋቸው ሳታነሳ ቆየች። ስንት ዓመት በእጇ ያለፈ ጨርቅ ነው! ከሰው የተማረውን እስከ መጨረሻው አስታውሶ የያዘው እሱ ነበር፤ የዘነጋችው እሷ ናት።

በማግሥቱ የልጇን ሰደርያ መለኪያው ላይ ዘርግታ ክሮቹን ከማጥበቋ በፊት ወደ ነበሩበት ልክ መለሰቻቸው። እጇ እሺ ስላላላት ግን ሥራው ብዙ ጊዜ ፈጀባት። የሁለቱን ወጣቶችም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ወጌሻው ክፍል ብቅ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ኅሊና በሁለት መዳፎቿ ግድግዳውን ስትገፋ፣ ትከሻዎቿን ወደ ኋላ ስባ አጥንቶቹን ስታቀራርብ፣ ሲያማት ቆም ስትል፣ ሳይቸኩሉ እንደገና ሲጀምሩ። ኋላ ገብታ የላስቲኩን ጫፍ ከግድግዳው ፈታ ራሷ ያዘችው። ኅሊና ስትስብ እናቷ ትይዛለች፤ የሁለቱ ኩርፊያም ላስቲኩ ላይ አለቀ። ሞግዚቷ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ትለቅ ነበር፤ ውብአንቺም አላጠበቀቻትም።

ወደ ምድር መውረድ የሚፈልግ ሁሉ በ«እንዝርት» ይፈተናል። እንዝርት ማለት በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ የተሰቀለ፣ በፍጥነት እየዞረ በውስጡ ላለው ሰው የምድርን ክብደት የሚሰጥ ክፍል ነው። የፈተናው ቀን ሲደርስ ኅሊና ሰደርያዋን አውልቃ ገባች። ውብአንቺ አጃቢ ሆና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ድንበሩ ከውጭ ቀሩ።

ክፍሉ መዞር ሲጀምር ክብደቱ ቀስ እያለ መጣ። የኅሊና ጉንጮች ወደ ታች ተሳቡ፤ እናቷ ግን ፈገግ አለች። የአገሯ ክብደት ነው፣ ታውቀዋለች።

«ቀኝ ክንድሽን ወደ ጎን አንሺ» አለ ፈታኙ ሐኪም በድምፅ ማጉያው።

ኅሊና አነሳች። ክንዷ እንደ እርጥብ እንጨት ከበዳት፤ ተንቀጠቀጠ። ውብአንቺ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ክንዱ ከጆሮ በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ኅሊና በዝግታ አወረደችው። ግራዋንም አነሳች፣ አወረደች። ከዚያ የተሰጣትን ቦርሳ አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«በቃ። ወደ ምድር መውረድ ትችያለሽ» አለ ሐኪሙ።

ውብአንቺ ክፍሉ ገና እየዞረ ሳለ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ልጇን ለማቀፍ ሁለት ክንዷን ከፍ ስታደርግ፣ እንደ ምድር ሰው ያለ ሐሳብ ስትወረውራቸው፣ ቀኝ ትከሻዋ ሸርተት አለ። ሕመሙ ከመድረሱ በፊት የመጣባት መደነቅ ነው። የእኔ? የእኔ ትከሻ?

ኅሊና ቦርሳውን ጥላ የእናቷን ክርን ከሥር ያዘች።

«አትታገይው እማዬ። ተንፍሺ። ክንድሽን ለእኔ ተይው።»

ተወችላት። ትከሻዋ ሙሉ በሙሉ አልወለቀም ነበርና እንደ ደነገጠ ሁሉ ተመልሶ ገባ። የልጇ እጅ ግን ከክርኗ ሥር አልተነሳም። ጠንካራ እጅ ነው፣ የምድርን ክብደት የተሸከመ። ውብአንቺ ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች። ይህን ሁሉ ዓመት በልቧ አንድ በር ክፍት ትታ ኖራለች፤ በፈለግሁ ጊዜ አገሬ እገባለሁ ትል ነበር። ሰውነቷ ግን ሳይነግራት የጠርዝ ሰው ከሆነ ቆይቷል። ለካ ሰው አገሩን በአፉ እየጠራ ሥጋው ዝም ብሎ የሚኖርበትን ይመስላል። አሁን ምድርን መሸከም የምትችለው ጨረቃ ላይ የተወለደችው ልጇ ናት።

ከእንዝርቱ ሲወጡ ጋሽ ድንበሩ የኅሊናን ፊት አዩና ደስ አላቸው። ከዚያ በሻሽ የታሰረውን የውብአንቺን ክንድ አይተው ቅንድባቸውን አነሱ።

«እኔስ ጋሼ» አለች፣ «መቼ ነው ወርጄ ልጠይቃት የምችለው?»

ጋሽ ድንበሩ ወደ ክፍላቸው ይዘዋቸው ሄዱና ከሳጥናቸው ውስጥ አንዲት ቢጫ ላስቲክ መዝዘው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ስስ ናት፣ በሁለት ጣት የምትሳብ።

«ሕመሙ ሲበርድልሽ በዚች እንጀምራለን።»

«ይቺማ የሕፃናት ናት!»

«ናት» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «ትከሻሽም እኮ የዚህ አገር ልጅ ነው።»

ኅሊና ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ የላስቲኳን ሌላ ጫፍ አነሳች። ሳትስባት ዝም ብላ ያዘችላት።