ኪስ የሌለው ካባ

ፕሬዚዳንቷን ያገኟት በሩ ስር ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ የካባ መልበሻ ክፍል፣ ቀዩን ካባዋን እንደለበሰች፣ ጉንጯን በሩ ላይ አስደግፋ። የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። ክፍሏ ለበዓሉ ተብሎ ትናንት ቀለም ተቀብታ ሽታው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሴትየዋ ደግሞ የአስም በሽተኛ ናት። በሩ በውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉም እዚያው ቀዳዳው ላይ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊያዞረው ይችላል።

ምን በዓል ነው ቢሉ የእሷው ነዋ! ዩኒቨርሲቲውን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናትና፣ ከየኮሌጁ ሴት ኃላፊዎችና ተማሪዎች ተሰብስበው ሊያከብሯት ነበር። ወጥታ ትናገራለች ሲሉ እሷ ወዲያኛው ዓለም ሄደች።

የመጣችው መርማሪ ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌዋ» ይሏታል፤ ስትገባ አትሰማም፣ ስትወጣ ግን ታሳምማለች። እሷ እስክትደርስ ወሬ ዳኛ ሆኖ ፈርዷል፦ ገዳይዋ የፕሬዚዳንቷ ታናሽ እህት ናት! ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒቷም ስልኳም ያሉበት ቦርሳ በታናሽየዋ ጭን ላይ ነበራ። ሰሞኑንማ ተኳርፈው ነበር ተባለ። ተኳርፈዋል፣ እውነት ነው፤ ታናሽየዋ «ይሄ ሹመት ይገድልሻል፣ ተይው» ብላት ነው። ሊወስዷት ፖሊሶች ደጅ ቆመዋል።

«ቦርሳዋ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?» አለቻት መርፌዋ።

«ካባው ኪስ የለውማ። ወንዶቹ ከስር ሱሪ አላቸው፣ ሁሉን እዚያ ይከታሉ። እሷ በቀሚስ ላይ ነው የምትደርበው። መድረክ በወጣች ቁጥር ቦርሳዋን እኔ ነኝ የምይዝላት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

ታናሽየዋ ቦርሳውን ተቀብላ ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ ከፕሬዚዳንቷ ጋር ሁለት ሰው ቀርቷል። አንዷ ጸሐፊዋ ናት፤ ባለፈው ሳምንት አለቃዋ ተቆጥታት መጸዳጃ ቤት ስታለቅስ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። ሁለተኛው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ቁመቱ ቆጥ ያወርዳልና ሎጋው ይሉታል። ወንበሩን ለዓመታት በውክልና ይዞ «ዛሬ ነገ ይጸድቅልኛል» ሲል ለእሷ ሆነ። የተሾመች ዕለት በኮሪደሩ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ ስቆ ነበር፤ የሳቀለትም አልጠፋ።

ሁለቱም «ኋላ የቀረው እሱ ነው፣ እሷ ናት» ተባባሉ። ጸሐፊዋ እያለቀሰች፣ ፕሬዚዳንቷ ስትጠፋባት ቢሮ ድረስ ሮጣ እንደፈለገቻት፣ የልብሱን ክፍል ግን ቁልፉን በውጭ ስታየው ባዶ ነው ብላ እንዳለፈችው ተናገረች። ሎጋው በበኩሉ ድንገት ተተካ ተብሎ ሳይዘጋጅ እንደወጣ፣ እንግዶቹን «ፕሬዚዳንታችን ትንሽ ትዘገያለች» ብሎ ስለ ሴቶች መሪነት እንዳፉ እንደተናገረ፣ ሰዉም እንደወደደለት፣ ለክብሯም ቆሞ እንዳጨበጨበ አወራ።

መርፌዋ መድረኩ ላይ ወጣች። ማይኩ ከአናቷ በላይ ነው። ልታወርደው እጇን ስትሰድ ባለማይኩ ከአዳራሹ ጀርባ እየሮጠ መጣ። እንዳትነካው ለመናት፤ ማጉያው በርቶ ከተነካ እንደ ጅብ ይጮሃል፣ ለዚህ ነው ጠዋት ለፕሬዚዳንቷ ቁመት ልክ አድርጎት የተወው። ይህን ብሎ ቀና ሲል ማይኩን ያለበትን ከፍታ አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ እስቲ ቅድም እንደቆሙት ይቁሙልኝ» አለችው ሎጋውን።

ቆመ። ማይኩ ልክ አፉ ላይ ሆነ።

«ነክተውት ነበር?»

«ኧረ አልነካሁም።»

«አምናለሁ። ቢነኩት ይጮህ ነበር፣ የሰማ ደግሞ የለም። እንግዲህ ከፍ የተደረገው ማጉያው ሳይበራ፣ እንግዳ ሳይገባ ነው። የዛሬ ተናጋሪ እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከኔ አትረዝምም። ጸሐፊዋ ብትቆልፍባት ማይኩን ለማን ብላ ታስረዝማለች? እህቷስ? ያስረዘመው እሷ እንደማትወጣ፣ እሱ እንደሚወጣ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው።»

ሎጋው ቁመቱ ሁሉ ያጠረ መሰለ። «ንግግሩ እንዲያመልጣት ብቻ ነው» አለ። «ጨርሼ ልከፍትላት ነበር።»

«በሩ ከጀርባዎ ነው። እጇ እስኪላጥ አንኳኩታለች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የማያጨበጭቡት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ሰምተዋል። ስለሰሙም ነው "ለፕሬዚዳንታችን ክብር ተነሱ፣ በደንብ አጨብጭቡ" ያሉት።»

ደጅ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው እሱን ወሰዱት። ጸሐፊዋና ባለማይኩ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«በቃ፣ ነጻ ነሽ እኮ። ቤትሽ ግቢ» አለቻት መርፌዋ።

ታናሽየዋ አልተነሳችም።

«እኔ ከሁሉም በላይ ነው ያጨበጨብኩት» አለች። «ለእሷ መስሎኝ። ያኔ... ያኔ እያንኳኳች ነበር?»

መርፌዋ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ዓይን ለዓይን አይታለች። ይህችን ግን ማየት አቅቷት ወደ ባዶው ወንበር ዞረች።

«እኔ እንጃ፣ እህቴ።»

ውሸት የማያውቅ አፍ ሲዋሽ ያስታውቃል። ታናሽየዋ ሁለት እጆቿን ከታፋዋ ስር ከትታ ተቀመጠችባቸው።